ሲጋራ ለመተው ለቆረጥከው ልጄ

ልጄ፣ ሲጋራ ለመተው መቁረጥህን ስሰማ ደስ አለኝ። ከለንደን ዘመድ ሊጠይቅ የመጣው የአጎትህ ልጅ ቬፕ የሚባለውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሰጥቶህ «እዚያ የጤና ባለሙያዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚመክሩት፤ ይሄን ያዝ፣ ሲጋራውን ትረሳዋለህ» እንዳለህም ነገርከኝ። እውነቱን ነው ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። ዕድሜዬን በጤና ሥራ ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ጅግጅጋንም ሰዉንም አውቃለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ሳልሸፋፍንም ሳላካብድም እነግርሃለሁ። ለጓደኞችህም አንብብላቸው። በቀብሪ በያህም ሆነ በቶጎ ውጫሌ፣ በሽንሌም ሆነ በአይሻ ያንኑ ጥያቄ የያዘ ወጣት ብዙ ነው።

የአጎትህ ልጅ አልዋሸህም። የነገረህ ግን ግማሹን ነው። ቬፕ አዋቂ አጫሽን ሲጋራ እንዲተው ሊረዳ እንደሚችል በጥናት ታይቷል። ይሁንና በዚያ አገር ሰውን የረዳው ዕቃው ብቻውን ሆኖ አይደለም። ከባለሙያ ምክር፣ ከክትትልና ከጥራት ቁጥጥር ጋር ሆኖ ነው። ወደ እኛ የመጣው ዕቃው ብቻ ነው፤ የቀረው ድንበር አልተሻገረም። ምክሬ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ጠላትህን ለይተህ እወቅ። ሲጋራ ውስጥ ሱስ የሚያስይዝህ ኒኮቲን ነው፤ የሚገድልህ ግን በአብዛኛው ጭሱ ነው። ትምባሆ ሲቃጠል ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ይወጣሉ፤ ከእነዚህም 70 ያህሉ ካንሰር እንደሚያመጡ ይታወቃል። ደምህ ኦክስጅን በደንብ እንዳይሸከም የሚያደርገው ካርቦን ሞኖክሳይድም የዚሁ ቃጠሎ ውጤት ነው። ማጨስ ለሳንባ ነቀርሳም በር ይከፍታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆን ካልተዉት ሰዎች እስከ ግማሽ የሚሆኑት የሚሞቱት በእርሱ ጠንቅ ነው።

ቬፕ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት የሠራው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ ፋርማሲስት ነው፤ ራሱ አጫሽ ነበር፣ አባቱም በሳንባ ካንሰር ነው የሞቱት። በዕቃው ውስጥ ባትሪ አለ፤ ባትሪው ቀጭን ሽቦ ያግላል፤ ሽቦው ፈሳሹን ያተነዋል፤ አንተ የምትስበው ያንን እንፋሎት ነው። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና ኒኮቲን ነው። ትምባሆ አይቃጠልበትም። ስለዚህ የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት ከሲጋራ ጋር ሲያነጻጽሩት ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሲጋራ ያነሰ ይጎዳል ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ኒኮቲኑ ያው ሱስ ነው፤ ለብዙ ዓመት የሳበው ሰው ሳንባ ምን እንደሚሆን ደግሞ ገና በጊዜ የሚታይ ነው።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ኮክሬን የሚባል፣ የዓለምን የሕክምና ጥናቶች እየሰበሰበ የሚመዝን ተቋም አለ። ድምዳሜው ይህ ነው፦ ኒኮቲን ባለው ቬፕ ለማቆም ከሚሞክሩ 100 አጫሾች ከ8 እስከ 11 የሚሆኑት ይሳካላቸዋል። የኒኮቲን ፕላስተር ወይም ማስቲካ ከሚጠቀሙት 6ቱ፣ ያለ ምንም እርዳታ ወይም በምክር ብቻ ከሚሞክሩት 4ቱ ያቆማሉ። ስለዚህ ይረዳል ወይ ላልከው፣ አዎ፣ ይረዳል። ግን ቁጥሩን ልብ ብለህ ተመልከት። ከእነዚህ በተሻለው መንገድ እንኳ ከ100 ሰው 90 ያህሉ በዚያ ሙከራ አልተሳካላቸውም። ማንም «ይሄን ያዝና ትረሳዋለህ» ቢልህ ይህን አስታውስ።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመ፣ በእንግሊዝ በ886 አጫሾች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር። ግማሾቹ ቬፕ፣ ግማሾቹ ፕላስተርና ማስቲካን የመሰሉ የኒኮቲን መድኃኒቶች ተሰጣቸው። ከዓመት በኋላ በቬፕ ከሞከሩት 18 በመቶ፣ በመድኃኒቶቹ ከሞከሩት 9.9 በመቶ ሲጋራ ትተው ተገኙ። እጥፍ ያህል ነው፤ ትልቅ ውጤት ነው። ነገር ግን ሁለቱም ቡድኖች ቢያንስ ለአራት ሳምንት በየሳምንቱ ባለሙያ ፊት ለፊት እያገኙ ምክር ተቀብለዋል፤ ማቆማቸውም በቃላቸው ብቻ ሳይሆን እስትንፋሳቸው ተለክቶ ነው የተረጋገጠው። በቬፕ ሲጋራ ከተዉት ደግሞ 80 በመቶ ያህሉ ከዓመት በኋላም ቬፑን አልተዉም ነበር። በሌላው ቡድን መድኃኒቱን ይዘው የቀጠሉት 9 በመቶ ብቻ ናቸው። ከሲጋራ ወጥተው እዚያ ቀሩ ማለት ነው።

በዚህ ነገር አዋቂዎቹም አንድ ቃል አይደሉም። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 ለአንድ ሚሊዮን አጫሾች ቬፕ ከምክር ጋር በነፃ ለመስጠት ወሰነ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የዓለም ጤና ድርጅት በየሱቁ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ የሚሸጥ ቬፕ በሕዝብ ደረጃ ሲጋራ ለማስቆም መርዳቱ አልታየም፤ ይልቁንም ልጆችን ሱስ ውስጥ እየከተተ ነው ሲል መንግሥታት እንዲቆጣጠሩት አሳሰበ። ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላል እንጂ የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ባለሙያ ስለሚከታተለው አዋቂ አጫሽ ይናገራል፤ ሌላኛው ከሱቅ ገዝቶ ስለሚወጣ ማንኛውም ሰው። አንተ ለየትኛው ትቀርባለህ? መልሱን ራስህ ታውቀዋለህ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል፤ በፓኮው ላይ የፊቱንም የኋላውንም 70 በመቶ የሚሸፍን የሥዕል ማስጠንቀቂያ እንዲኖር አዟል። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ሺሻን ደግሞ ጨርሶ ከገበያ አስወጥቷል፤ ማስገባትም መሸጥም ክልክል ነው። ስለዚህ አንተ ልትገዛው የምትችለው ቬፕ በቶጎ ውጫሌም ይግባ በደወሌ በኩል ይለፍ፣ ማንም ያልመረመረው የኮንትሮባንድ ዕቃ ነው። የታመምክበት ቀን የምትከሰው ሻጭ፣ የምትጠይቀው አስመጪ የለም።

እጅህ ላይ ያለውን ዕቃ ገልብጠህ አንብበው። እንግሊዝ ውስጥ በሕጋዊ ሱቅ የሚሸጥ ፈሳሽ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ኒኮቲን ሊኖረው አይችልም፤ በራሱ በቬፑ ውስጥ ያለው የፈሳሽ መያዣም ከ2 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ሳጥኑ ላይ 5% የሚል ካየህ ያ 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ሁለት ተኩል እጥፍ ማለት ነው። በቀን ሦስት አራት ፍሬ የሚያጨስ ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ ከጠዋት እስከ ማታ ከአፉ ሳይለይ ሲስብ ከሲጋራው ያገኝ ከነበረው የበለጠ ኒኮቲን ሊወስድ ይችላል። ሱሱ ይብስበታል እንጂ አይለቀውም። ሲያልቅ የሚጣለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ እዚያው እንግሊዝ እንዳይሸጥ ታግዷል።

ምንጩ ያልታወቀ ዕቃ ምን እንደሚያመጣ አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጤነኛ የነበሩ ወጣቶች ሳንባቸው በድንገት እየተጎዳ ሆስፒታል ገቡ። እስከ 2020 መጀመሪያ ድረስ 2,807 ሰዎች ለሕክምና ተኝተው 68ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ ከሕጋዊ ሱቅ ውጭ የተገዛ፣ የካናቢስ ቅመም ያለበት ፈሳሽ የሳቡ ነበሩ፤ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘውም በፈሳሹ ውስጥ የተቀላቀለ ቫይታሚን ኢ አሲቴት የተባለ ዘይት ነው። ይህ ተራው ቬፕ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ማለት አይደለም። ነገር ግን ውስጡ ምን እንዳለ የማታውቀውን ነገር ሳንባህ ውስጥ ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ ይነግርሃል።

ከሁሉ በላይ የምፈራልህ ግን ሁለቱንም እንዳትይዝ ነው። ቢሮ ውስጥ ቬፕ፣ በርጫ ላይ ሲጋራ። ብዙ ሰው «ቀንሻለሁ» የሚለው እንዲህ ሆኖ ነው። «እኔ ጫት ላይ ብቻ ነው የማጨሰው» የምትለዋንም ቃል በደንብ አውቃታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን ያገናዘበ ሥራ ያሳየውን ልንገርህ፦ በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው፣ 20 የሚያጨሰው ሰው ከተሸከመው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። ልብ በፍሬ ቆጥሮ አይምርህም። መቀነስ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ማረፊያ ግን አይደለም። ትርፉ የሚገኘው ጨርሰህ ስትተወው ነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል ትለኛለህ። በዚያ አገር ሰውን የረዱት ነገሮች ምን እንደነበሩ ቁጠር፦ የተቆረጠ ቀን፣ የሚከታተል ሰው፣ ሐራራውን የሚያበርድ መድኃኒት፣ ከሲጋራው ሙሉ በሙሉ መለየት። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቬፕ ሳያስፈልግ ጅግጅጋ ውስጥ ይገኛሉ።

ቀኑን ቁረጥ። «አንድ ቀን» አትበል፤ ከሁለት ሳምንት የማይርቅ ቀን ስጠው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ዛሬ ተናድዶ የጣለ ሰው ነገ ያነሣል። እስከዚያ ድረስ መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር እንደምታጨስ አስተውል። ካስተዋልክ ፈተናህ ያለው በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ታገኘዋለህ።

ያ ሰዓት ለአብዛኞቻችሁ በርጫ ነው። ከአወዳይ የመጣው ጫት ተገዝቶ፣ ምንጣፉ ተነጥፎ፣ ፔርሙሱና ውኃው መሐል ላይ ሲቀመጥ ከእነሱ ጋር ፓኮውና ክብሪቱ አብረው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ላይ ማንም አይነካውም። ምርቃናው ሲመጣ፣ ጨዋታው ሲሞቅ እጅ ሳይታዘዝ ወደ ፓኮው ይሄዳል። አንዱ ሲለኩስ ሌላው ይለኩሳል፤ ክፍሉ በጭስ ይሞላል፤ በቀን ሁለት ፍሬ የሚያጨሰው ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ ግማሽ ፓኮ ይጨርሳል። ስለዚህ ቆርጬ ልንገርህ። ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር በርጫ አትግባ። ጫቱን ጨርሶ ብትተወው ለጤናህም ለኪስህም ይበጃል፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ መተው ከከበደህ ግን በዚያ ወር ከሚያጨሱ ጋር አትቀመጥ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሲጋራ የተወ ሰው አላየሁም።

«ሲጋራው ካልሆነ ሺሻ ልያዝ» እንዳትልም። ሺሻው ውኃ ውስጥ ስላለፈ አይጠራም፤ በአንድ መቀመጫ የሚሳበው ጭስ ከአንድ ሲጋራ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ረመዳንን ደግሞ አትለፈው። ከፈጅር እስከ መግሪብ ድረስ ሲጋራ ሳትነካ ትውላለህ፤ ያንን ሐራራ በየቀኑ ታሸንፈዋለህ። በጾም ወር እየቻልከው «እኔ መተው አልችልም» ማለት ራስን ማታለል ነው። ችግሩ ከኢፍጣር በኋላ ነው፤ ቴምሩና ውኃው ሳይረጋጋ ሲጋራው ይለኮሳል፤ ከተራዊሕ በኋላ ደግሞ የሌሊት በርጫ አለ። ረመዳን ቀርቦ ከሆነ የማቆሚያህን ቀን የረመዳንን የመጀመሪያ ቀን አድርገው። ካፈጠርክ በኋላ ከሚያጨሰው ጓደኛህ ጋር ሳይሆን በቀጥታ ወደ መስጊድ ሂድ፤ ሌሊቱንም ከቤተሰብህ ጋር አሳልፈው። ብዙ ዑለማዎች ማጨስን ሐራም ብለው ያስተምራሉ፤ ኢማምህን ብታማክር በጸሎትም በምክርም ይደግፍሃል። ክርስቲያን ጓደኛህም ዐቢይ ጾምን እንዲሁ ይጠቀምበት።

ሐኪም አማክር። ካራማራ ሆስፒታል ወይም ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል ስትሄድ «ሲጋራ ማቆም እፈልጋለሁ፣ እርዱኝ» በል። አትፈር፤ ለዚህም ነው ያሉት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ለአዋቂዎች ሲጋራ ማስቆሚያ ብሎ ያወጣው መመሪያ ውስጥ የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ፣ ቫሬኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮንና ሳይቲሲን የተባሉ መድኃኒቶች ተጠቅሰዋል፤ ቬፕ ከእነዚህ ውስጥ የለም። መድኃኒቶቹ በየፋርማሲው እንደልብ አይገኙም፤ ግን የትኛው እንዳለና ለአንተ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ ሐኪሙ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ለምሳሌ ቡፕሮፒዮን አይወስድም፤ ስለዚህ በወሬ ገዝተህ አትዋጥ። መድኃኒቱ ባይገኝ እንኳ ምክሩን አትናቀው። ከግማሽ ደቂቃ እስከ ሦስት ደቂቃ የሚሰጥ የባለሙያ ምክር እንኳ ሰው እንዲተው እንደሚረዳ መመሪያው ራሱ ያስቀምጣል።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። አንድ ሰው ምረጥ፤ ወንድምህ ይሁን፣ ባለቤትህ ትሁን፣ ሲጋራ የተወ ጎረቤት ይሁን። ቀኑን ንገረው፤ በየማታው እንዲደውልልህ ለምነው። የአጎትህ ልጅም ለንደን ሲመለስ በዋትሳፕ ይጠይቅህ፤ ከሰጠህ ዕቃ ይልቅ ይሄ ይጠቅምሃል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አስቀድመህ እወቀው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ይከብዳሉ። ትነጫነጫለህ፣ እንቅልፍ ይሸሽሃል፣ ራስህን ያምሃል፣ ሥራ ላይ ሐሳብህ ይበተናል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ሰውነትህ ከኒኮቲን ሲላቀቅ የሚያሳየው ነው፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይቀላል። ሐራራ ሲነሣ ለዘላለም የሚቆይ ይመስላል፤ የሚቆየው ግን ጥቂት ደቂቃ ነው። ውኃ ጠጣ፣ ተነሥተህ ተራመድ፣ ሰውዬህ ጋር ደውል፤ ያልፋል። ሻሂ ስትጠጣ ሲጋራ የሚያምርህ ከሆነ ለጊዜው ሻሂውን በሌላ ቦታ፣ ከሌላ ሰው ጋር ጠጣ። ፍሬ የሚሸጥልህን ሱቅም መንገድ ቀይረህ እለፈው።

ብትወድቅስ? አንዲት ፍሬ ብትስብ ሁሉም ነገር ተበላሸ ብለህ ፓኮ አትግዛ። በዚያው ሰዓት ጣልና ቀጥል። አብዛኛው የተወ ሰው ደጋግሞ ሞክሮ ነው የተወው። ዋጋውንም አስታውስ፦ ከተውክ በሰዓታት ውስጥ በደምህ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወርዳል፤ በዓመት ውስጥ ማጨስህ ያመጣብህ ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ወደ ግማሽ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ደግሞ በሐቅ ልጨምር። ሲጋራውን ጨርሰህ ትተህ ቬፑ ብቻ ቀርቶህ ከሆነ፣ በእኔ ቃል ደንግጠህ ወደ ሲጋራ እንዳትመለስ። ያ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። እዚያው ቆመህ ደግሞ አትቅር፤ ሐኪም አማክረህ ኒኮቲኑን እየቀነስክ፣ ቀን ቆርጠህ እሱንም ተወው። ሻጩ እንድትተወው አይፈልግም። የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን አብላጫ ድርሻ የገዛው የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ በሌሎች አገሮች ሲጋራም ቬፕም ይሸጣል። በአንዱ ወይም በሌላው ኒኮቲን እስከገዛህ ድረስ ለሻጭ ኪሳራ የለውም። ኪሳራው የአንተ ነው።

አጭሶ ለማያውቅ ሰው ግን ቬፕ ምንም ጥቅም የለውም። ታናሽ ወንድምህ ያንን ሐብሐብ የሚሸት ዕቃ አንሥቶ «ልሞክረው» ካለህ ቆጣ በል። በዓለም ላይ ሲጋራ አጭሰው የማያውቁ ልጆች በዚህ ጣፋጭ ሽታ ወደ ኒኮቲን ሱስ ገብተዋል። አንተ ለመውጣት የምትታገልበትን በር ለእሱ አትክፈትለት። ዕቃውን ልጆች ከሚደርሱበት ቦታ አርቀው፤ ፈሳሹ ቢጠጣ ለሕፃን መርዝ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር አድርግ። ቀኑን ወስን፤ ሰውዬህን ምረጥና ንገረው፤ ለነገ ደግሞ ሆስፒታል ለመሄድ ተነሥ። የተረፈውን ቀን በቀን ትጨርሰዋለህ። አላህ ያበርታህ፣ እስትንፋስህን ይጠብቅልህ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ በጤና ለማየት ያብቃህ።